የቃል ቅርጫ

የይርዳው አባት ቢላዋ በጨበጡ ቁጥር አንድ ነገር ይሉ ነበር። «መጀመሪያ መገጣጠሚያውን አጥፈህ እይ፤ የሚታጠፍበት ቦታ ነው የሚለያየው። በሌላ በኩል ከመታኸው ቢላዋህም ይዶለዱማል፣ ሥጋውም ይበላሻል።»

ይህን የሚሉት በሬው ተገፎ ቅጠል ላይ ከተጋደመ በኋላ፣ ቅርጫ የገባው ሰው ሁሉ ዙሪያውን ቆሞ ምራቁን ሲውጥ ነው። እሳቸው አይቸኩሉም። ያማትባሉ። የበሬውን ጉልበት ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ደግሞ ያጥፋሉ። ቢላዋው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ሲሞቱ፣ ቢላዋውም ማማተቡም ንግግሩም ለይርዳው ቀረ። የሰፈሩን ቅርጫ የሚመድበው እሱ ሆነ።

ይርዳው የሚኖርበት አገር ስም ነበረው። ስሙ ግን እጅግ ረጅም ስለሆነ፣ ለመጥራትም ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ እኛ እንለፈው።

የዚያ አገር ንጉሥ አያት በዘመናቸው ጥበብ ከባሕር ማዶ ይምጣልኝ ብለው መልእክተኞች ላኩ። መልእክተኞቹ እንግሊዝ አገር ደረሱ፤ ያዩት ነገር ሁሉ አስደነቃቸው። ድልድዩ፣ ወፍጮው፣ የውሃ ቦዩ፣ ሁሉም ጉድ ነው። ነገር ግን ድልድይ በበቅሎ አይጫን፣ ወፍጮ በአገልግል አይያዝ። ብዙ ከመከሩ በኋላ የነገሮቹን ስም ብቻ ይዘው ተመለሱ። ስም አይከብድም፤ በቅሎም አያደክምም። አያትየው ደስ አላቸው። ረጅም ስም ያመጣውን ረጅም ጥምጥም፣ አጭር ስም ያመጣውን አጭር ጥምጥም ሸለሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አገር የሰው ማዕረግ በሚጠራው ቃል ርዝመት ሆነ።

አዋጅም ወጣ። ከመንግሥት አንዳች ነገር የሚፈልግ ሰው፣ ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሞ የጉዳዩን የእንግሊዝኛ ስም በአንድ ትንፋሽ ይጥራ ተባለ። መሃል ላይ ያረፈ፣ የዋጠ፣ ያስነጠሰ ሰው ቃል ሰባሪ ይባላል። ቃል ሰባሪ እስከሚቀጥለው ትልቅ በዓል ድረስ በሩን አይረግጥም።

ለዚህ ሥራ የተሾሙ ሁለት ሹማምንት ነበሩ። አንደኛው ሊቀ ትንፋሽ አሥራደ ይባላሉ። በክር የታሰረ የዶሮ ላባ ከባለጉዳዩ አፍንጫ ሥር ይዘው ይቆማሉ። ላባው ወደ ውጭ ከሄደ ደህና፤ ወደ ውስጥ ከተሳበ ሰውየው መሃል ላይ አየር ወስዷል ማለት ነው፤ ይባረራል። ሁለተኛው አዛዥ ርዝመት ናቸው። የእሳቸው ሥራ ቃሉ እስኪያልቅ ድረስ መራመድ ነው። ቃሉ ሲያልቅ ቀጥ ይሉና የደረሱበት ላይ ችካል ይተክላሉ። ግቢው ከችካል ብዛት የተነሳ ያልተማገረ አጥር መስሎ ነበር።

ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። ትርጉም መጠየቅ የሰው ድስት ከፍቶ እንደ ማየት ነውር ነው። ሹም ከሆነ ደግሞ ከነውርም ያልፋል፤ «ይህን ቃል አላውቀውም» ያለ ሹም ጥምጥሙን እዚያው አውልቆ ይሄዳል።

የይርዳው ጣጣ የመጣው በድልድዩ ነው። ከሰፈራቸው በታች በበጋም የማይጎድል ወንዝ አለ፤ በወንዙ ላይ ከገመድና ከእንጨት የተሠራ የእግር ድልድይ ነበር። በክረምቱ መውጫ ደራሽ ውሃ መጣና አንዱን ገመድ በጠሰው። ድልድዩ እንደ በግ ጆሮ ወደ አንድ ጎን ተንጠልጥሎ ቀረ። በዚያው ሰሞን የይርዳው ሚስት እንጉዳይ፣ እህቷ ስትወልድ ልታርሳት ማዶ ተሻግራ ነበር። እሷ እዚያ፣ እሱ እዚህ ሆኑ።

ድልድዩን ለመጠገን ከአንድ ገመድ በቀር የጎደለ ነገር የለም። ገመዱንም ይርዳው በሳምንቱ ከቃጫ ገምዶ ጨርሶታል። ነገር ግን የድልድይ ጉዳይ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ስሙም ኢንተርኮኔክቲቪቲ ይባላል። ይህን ቃል በር ላይ ሳይጠራ ድልድይ የነካ እጅ እንደ ሌባ እጅ ይቆጠራል። ይርዳው ደግሞ እግዚአብሔርን የሚፈራ፣ አዋጅንም የሚያከብር ሰው ነው፤ ቃሉን ግን በአንድ ትንፋሽ መጥራት አልቻለም።

ስለዚህ በየቀኑ ገመዱን ተሸክሞ ወንዙ ዳር ይወርዳል። ገመዱን ጠቅልሎ ይቀመጥበታል፤ ዳዊቱን በቃሉ ይደግማል። እንጉዳይም ማዶ ትመጣለች። ውሃው ስለሚጮህ እነሱም ይጮሃሉ፤ የቤታቸውን ጉዳይ ወንዝ የወረደ ሁሉ ይሰማዋል።

ሽሮው አሮብኝ ይላታል። አማስለኸው ነበር ወይስ ቆመህ ስታየው ነበር ትለዋለች። ዶሮዎቹ እንቁላል አቁመዋል ይላታል። ፊትህን አይተው ነው ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን የእህቷን ሕፃን በጨርቅ ጠቅልላ ከፍ አድርጋ አሳየችው፤ ከማዶ ሆኖ ጨርቁን ባረከ። ቆየት ብሎ ሕፃኑ አንገቱን አቀና። ጾም ሊገባ ሲል ደግሞ ተደግፎ መቀመጥ ጀመረ።

«አንተ ሰው፣» አለችው ያን ቀን፣ «ይሄ ልጅ በእግሩ ተሻግሮ ሳይወስደኝ ና ውሰደኝ።»

ይርዳው ጸሎቱን አድርሶ፣ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ መንግሥቱ በር ሄደ። ሊቀ ትንፋሽ አሥራደ ላባቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አዛዥ ርዝመት እግራቸውን አነሱ። ይርዳው ደረቱን ሞላና «ኢንተርኮ» አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉሮሮው ላይ እንደ አጥንት ተሰነቀረበት። ሳለ። ላባው አፍንጫው ውስጥ ገባ። አስነጠሰ፤ ላባው በሊቀ ትንፋሽ ጺም ላይ ሄዶ ተለጠፈ።

ሊቀ ትንፋሽ ላባቸውን ከጺማቸው እየለቀሙ፣ ቃል ሰባሪ መሆኑን ነገሩት፤ ፋሲካ ሳይፈሰክ ደግሞ እንዳይመለስ አዘዙት። አዛዥ ርዝመት ገና ሁለተኛ እርምጃቸውን ስላልጨረሱ፣ ችካል ልትከል ወይስ አልትከል ብለው ሲጨነቁ ይርዳው ትቷቸው ወረደ።

ጾሙን ሙሉ ገመዱ ላይ ተቀምጦ ከረመ። ዳዊቱን ሲጨርስ ያን ቃል ለብቻው ያጉተመትማል። አንድ ቀን አገጩን በመዳፉ ደግፎ ሲያጉተመትም፣ አገጩ መዳፉን ሲጫነው ተሰማው። «ኢን» ሲል አንዴ ተጫነው። «ተር» ሲል ደግሞ ተጫነው። በመሃል ይነሳል፣ ይወርዳል። ይርዳው እንደገና፣ ቀስ ብሎ ጀመረው። ኢን፣ ተር፣ ኮ፣ ኔክ፣ ቲ፣ ቪ፣ ቲ። አገጭ በወረደ ቁጥር አንድ መገጣጠሚያ ነው።

የአባቱ ንግግር ትዝ አለው። አጥፈህ እይ ነው ያሉት። ቃል በአፍ ውስጥ የሚታጠፈው በአገጭ ነው ለካ። ለማረጋገጥ ብሎ «አባታችን ሆይ»ን ሞከረው፤ እሱም ያው ነው፣ በየቦታው ይታጠፋል። ወዲያው ደነገጠና የጌታን ጸሎት እንደ በሬ በማገላበጡ ይቅርታ ጠየቀ፤ አማተበ።

ፋሲካ መጣ። የሰፈሩ ቅርጫ ታረደ፤ ይርዳው መደቡን አወጣ፤ ዕጣ ተጣለ፤ ሁሉም የየድርሻውን ያዘ። ሰው ሊበተን ሲል ይርዳው፣ አንዴ ቆዩልኝ፣ አንድ በሬ ይቀረናል አላቸው። የቱ በሬ አሉት። የድልድዩን ቃል ነገራቸው። ለአንድ ሰው አይቻልም፤ አንድን በሬ ለብቻው የሚጨርስ ሰው የለምና፤ ለሰባት ከተካፈለ ግን ለእያንዳንዱ አንድ ጉርሻ ነው አለ።

ሰዎቹ ተያዩ። የሰፈሩ ጥርስ አልባ አንዳርጌ፣ አዋጁ በአንድ ትንፋሽ ይላል፣ እኛ ሰባት ትንፋሽ ነን፣ ሊያስሩን ነው አለ። ይሄኔ በሰፈሩ የሚሰሙት ባልቴት እትዬ ወርቅያንሱ ጣልቃ ገቡ።

«አዋጁ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚለው፤» አሉ፣ «በአንድ አፍ አላለም። እያንዳንዳችን በአንድ ትንፋሽ እንላታለን። ምን አጠፋን?»

ነገሩ ተያዘ። ይርዳው ሰባት የተጋጠ አጥንት በቅጠል ላይ ደረደረና ለእያንዳንዱ አንድ ክፋይ ሰየመለት። እንደ ደንቡ ሁሉም ምልክቱን አዋጣ፤ አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ክር። እትዬ ወርቅያንሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ምልክቶቹን አደሉ።

«ኢን» ለራሱ ለይርዳው ደረሰ። «ተር» ለጎረቤቱ ለድንበሩ። «ኮ» ልብስ ሰፊው ጎሹ ላይ ወደቀ። እትዬ ወርቅያንሱ «ኔክ» ደርሷቸው፣ ይሄማ አጥንት ብቻ ነው፣ ሥጋ የለውም ብለው አጉረመረሙ። ሁለቱ «ቲ»ዎች ለሁለት ወንድማማቾች ደረሱ፤ ወንድማማቾቹ ወዲያው ተጣሉ። ታናሽየው የአንተ ይወፍራል አለ። ታላቅየው የአንተ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ማረፊያ አለው አለ። ይርዳው ሁለቱንም ደጋግሞ አስብሏቸው እኩል መሆኑን በመሐላ መሰከረላቸው። «ቪ» አንዳርጌ ዘንድ ሄደ።

እያንዳንዱ ክፋዩን ይዞ ቤቱ ገባ። በዓሉ እስኪያልፍ ሰፈሩ ለየት ያለ ሰፈር ሆነ። ከአንዱ ቤት «ተር፣ ተር»፣ ከአንዱ ቤት «ኔክ» ይሰማል። ውሾች ግራ ተጋቡ።

ወደ ቤተ መንግሥት በወጡበት ቀን ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆነ። አንዳርጌ የፊት ጥርስ የለውም፤ «ቪ» ባለ ቁጥር የሚወጣው ነፋስ ብቻ ነው። ላባውን ከነክሩ ነው የሚያበርረው ብሎ ፈራ። ጎሹን ገለል አድርጎ ለመነው። ጎሹ አዛኝ ሰው ስለሆነ እሺ አለው። በቅርጫ ደንብ ሁለት ሰዎች ከተስማሙ ድርሻቸውን ይለዋወጣሉ፤ እጅ ለእጅ ይማታሉ፤ ከዚያ ሌላውን አያገባውም። እነሱም ተማቱ። «ኮ» የአንዳርጌ ሆነ፣ «ቪ» የጎሹ።

ድርሻቸውን ለወጡ እንጂ ቦታቸውን አልለወጡም። ቅርጫ ላይ ማን የት ቆመ ብሎ ነገር የለማ። ሥጋህን ከያዝክ የትም ቁም።

በሩ ላይ ተሰለፉ። ሊቀ ትንፋሽ አሥራደ ሰባት አፍንጫ ሲያዩ ግራ ገባቸው። ይርዳው ስለ ትንፋሽና ስለ አፍ ያለውን ነገር በትሕትና አስረዳ። አዋጁ ተነበበ፤ እውነትም አፍ የሚል የለበትም። እሺ ይጀመር ተባለ። አዛዥ ርዝመት መራመድ ጀመሩ።

«ኢን» አለ ይርዳው። ላባው ወደ ውጭ ሄደ። ሊቀ ትንፋሽ ላባቸውን ይዘው ወደሚቀጥለው አፍንጫ ተዛወሩ። «ተር።» ደግሞ ተዛወሩ። «ቪ» አለ ጎሹ ጥርት አድርጎ። ይርዳው አንገቱን ቢያዞርም ጊዜው አልፏል። እትዬ ወርቅያንሱ «ኔክ» ብለው ግቢውን አናጉት። «ቲ»፣ ከዚያ አንዳርጌ «ኮ»፣ ከዚያ የመጨረሻው «ቲ»።

ኢንተርቪኔክቲኮቲ።

ላባው አንድም ጊዜ ወደ ውስጥ አልተመለሰም። አዛዥ ርዝመት ግን የሉም። ቃሉ ከሰው ወደ ሰው እስኪሻገር ብዙ ስለቆየ፣ ሲራመዱ ሲራመዱ የመጨረሻውን ችካል አልፈው፣ በጓሮ በር ወጥተው፣ ገበያው መሃል ነው የቆሙት። ችካላቸውን ቲማቲም ሻጯ ፊት ተክለው ላብ በላብ ሆነው ተመለሱ። እንዲህ ያለ ርዝመት ታይቶ አይታወቅም አሉ።

ሊቀ ትንፋሽ ላባቸውን እንደያዙ ቀሩ። ይህን ቃል ሰምተውት አያውቁም። አላውቀውም እንዳይሉ ጥምጥም አለ። ስለዚህ ቀስ ብለው ጎንበስ አሉ። ሊቀ ትንፋሽ ሲያጎነብሱ ያዩ ዘበኞች አጎነበሱ። ወሬው ንጉሡ ዘንድ ገባ። ንጉሡም ከሹማምንቱ ያነሰ ሊያውቁ አይችሉምና፣ ይህ ቃል አያቴ ሲጠብቁት የሞቱት ቃል ነው ብለው አለቀሱ።

ይርዳው ሐሰት መናገር አይሆንለትም። ወደ ሊቀ ትንፋሽ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጌታዬ፣ ተሳስተናል። ቃሉ ይህ አይደለም። ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ድርሻ ተለዋውጠው ነው።»

«ዝም በል አንተ፤» አሉት ሊቀ ትንፋሽ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ፣ «ጥምጥሜ ይውለቅ ነው የምትለው? ስድስት ልጅ አለኝ።»

ይርዳው ለስድስቱ ልጆች ሲል ዝም አለ።

በዚያው ቀን የኢንተርቪኔክቲኮቲ ቤት የሚባል አዲስ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሰባቱ ሰዎች የየክፋያቸው ጠባቂ ተብለው ተሾሙ፤ ጥምጥም ተጠመጠመላቸው። ጠባቂ የሆነ ሰው ክፋዩን በከንቱ እንዳይጠራ፣ ቃሉ እንዳያልቅ ተብሎ ታዘዘ። አንዳርጌ ኮርቤ የሚባል በሬ ነበረው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን ጠርቶ ማረስ ስላልቻለ በፉጨት ያርስ ጀመር፤ ፉጨቱም ለጥርስ አልባ አልሆነለት። ስለ ድልድዩ ሲጠይቁ ደግሞ፣ ጉዳዩ ወደ አዲሱ ቤት ተዛውሯል፣ አዲሱ ቤት ተሠርቶ እስኪመረቅ ማንም ድልድይ እንዳይነካ፣ ከዚያ ወዲያም ሁለቱም ቃላት ይጠሩ ተባለ።

ይርዳው ጥምጥሙን እንዳደረገ ወንዙ ዳር ወረደ። ገመዱን ጠቅልሎ ተቀመጠበት። እንጉዳይ ማዶ ብቅ አለች። ሕፃኑ ከእጇ ወርዶ በሣሩ ላይ እየዳኸ ነበር። ራስህ ላይ ምንድነው ያደረግኸው ብላ ጠየቀችው። ሹመት ነው አላት። ምን ሾሙህ አለችው። ኢን አላት። አልሰማችውም መሰለው፤ ደግሞ ጮሆ፣ ኢን፣ አላት።

ወደ ተንጠለጠለው ድልድይ አየች።

«በኢን ይሻገሩበታል?» አለችው።

ይርዳው ጥምጥሙን ፈትቶ ፊቱን ጠረገበት። ሕፃኑን አየው፤ የእህቷ ልጅ፣ ከማዶ ጨርቁን ከመባረክ በቀር አንዴም ሳይዳስሰው ጥርስ ያወጣ ልጅ። አምላኬ፣ እኔ ምን ባጠፋሁ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ማጉረምረሙን ተወና፣ እንደ ፈቃድህ አለ።

በዚህ ጊዜ በቅሎ የሚስብ እንግዳ በወዲህኛው መንገድ ወረደ። ፊቱን ፀሐይ ያቀላው፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። መሻገር ፈልጎ የተንጠለጠለውን ድልድይ አየና ቆመ። ቋንቋቸውን ከነጋዴዎች ተምሮ ኖሮ፣ ቀስ እያለ ግን በደንብ ይናገራል። ከወዴት ነህ ሲለው፣ ከእንግሊዝ አገር ነኝ አለው።

ይርዳው ብድግ አለ። የቃላቱ ሁሉ አገር ሰው ፊቱ ቆሟል። እጅ ነስቶ ሰላም አለው፤ ገመዱ ላይ ተመልሶ ተቀምጦም ነገሩን ከሥሩ አጫወተው። አዋጁን፣ ላባውን፣ ሰባቱን ክፋይ፣ ሁሉንም። ቃሉንም ልስማው አለው እንግዳው። ይርዳው አገጩን በመዳፉ ደገፈ፤ አማተበ፤ ኢንተርኮኔክቲቪቲ ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ተወጣው። ላባ የያዘ አልነበረም። ችካል የሚተክልም አልነበረም። እንጉዳይ ብቻ ከማዶ ሰማችው።

እንግዳው እንደገና፣ ቀስ ብለው ይበሉት አለው። ይርዳው ከፈለለት። እንግዳው ክፋዮቹን በጣቶቹ ያዘና እንደገና ሰበሰባቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ አንድ ላይ «በመካከል» ማለት ናቸው አለው። «ኮ» ያለው «አብሮ» ነው። የኋለኞቹ ጅራት ናቸው፣ ለማሳመር የተቀጠሉ። እትዬ ወርቅያንሱ አጥንት ነው ያሉት «ኔክ» ላይ ሲደርስ ቆም አለ። እሱ የቃሉ ልብ ነው አለው፤ ማሰር ማለት ነው፣ ጫፍና ጫፍ ማሰር።

ይርዳው ወደ ድልድዩ አየ። ወደ ማዶም አየ። እንጉዳይ የተበጠሰውን ገመድ ጫፍ፣ እሷ ባለችበት በኩል ያለውን፣ ከውሃው ስባ አውጥታ ይዛ ቆማለች። መቼ እንዳወጣችው አላወቀም።

እንግዳው በቅሎውን ዛፍ ላይ አሰረና እጅጌውን ሰበሰበ። ከዚያም ወደ ይርዳው ዞሮ እንዲህ አለው፦

«አባቴ፣ በአገሬ ድልድይ ሲበጠስ ይህን ቃል ሲጠራ የሰማሁት ሰው የለም፤ የተቀመጡበትን ገመድ ያቀብሉኝ።»